ዝይ ሲበዛ ምን ይባላል? ቃሉስ ከየት መጣ?

እስቲ የዛሬውን ትምህርት በቀላል ጥያቄ እንጀምር።

አንድ በሬ በሬ ነው። ሁለት በሬዎች አንድ ቀንበር ሲሸከሙ ምን ይባላሉ? ጥማድ ይባላሉ። አንዲት ላም ላም ናት። ሃያ ሆነው ወደ ግጦሽ ሲወርዱስ? መንጋ ይባላሉ። የታጨደ ስንዴ ተሰብስቦ ሲታሰር ነዶ ነው። ነዶው ተሰብስቦ ሲቆለል ክምር ነው። ይህን ሁሉ ማንም ሰሌዳ ላይ ጽፎ አላስተማራችሁም። ፊደል ሳትቆጥሩም ታውቁት ነበር።

እንዲህ ያለውን ስም የሰዋስው መምህራን የጥቅል ስም ይሉታል። ብዙውን ነገር እንደ ነዶ በአንድ ላይ አስሮ የሚጠራ ስም ማለት ነው።

ዛሬ የምንነግራችሁ እንግሊዞች ለዝይ ስላወጡት የጥቅል ስም ነው። «የእንግሊዝ ዝይ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ቃሉ ከየት እንደ መጣ ስታዩ፣ የራሳችሁ ቃል ከየት እንደ መጣ ታስባላችሁ። ደግሞም ቃል እንደ መንገድ ሰውን ሊያገናኝ፣ እንደ አጥርም ሰውን ከሰው ሊለይ እንደሚችል ከዚህ ታሪክ ትረዳላችሁ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዝይ ምን ዓይነት ወፍ ናት?

ዝይ የውኃ ወፍ ናት። ከዳክዬ ትበልጣለች፤ አንገቷም ረዘም ይላል። የእግሯ ጣቶች በስስ ቆዳ የተያያዙ ስለ ሆኑ እንደ መቅዘፊያ ያገለግሏታል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ውኃ ላይ አትውልም። ወደ መስክ ወጥታ እንደ በግ ሣር ትግጣለች።

በአገራችንም ዝይ አለች። ክንፏ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያላት አንዲት ዝይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የምትገኝ ናት፤ በሌላ አገር የለችም። ገፈርሳ የውኃ ግድብ አጠገብና በባሌ ተራሮች ላይ ትታያለች። ብዙ ጊዜ የምትገኘው ጥንድ ሆና ወይም በትንሽ ቡድን ነው።

የአውሮፓ ገበሬዎች ደግሞ ዝይን እንደ ዶሮ ቤታቸው ያረቧታል። ሥጋዋ ይበላል፤ ስቧ ይቀልጣል፤ ላባዋ ትራስ ይሞላል። የዱር ዝዮችም አሉ። እነዚህ ክረምት ሲመጣ ቅዝቃዜውን ሸሽተው በብዙ ሆነው ሩቅ አገር ይበራሉ።

እንግሊዞች አንዷን ዝይ «ጉስ» ይሏታል። ብዙ ሲሆኑ «ጊስ» ይላሉ። መሬት ላይ ተሰብስበው ሲታዩ ግን ለስብስቡ ሌላ ስም አለው፤ «ጋግል» ይባላል።

ጋግል ማለት ከጆሮ የመጣ ቃል ነው

እስቲ ቃሉን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ጋ-ግል። ደግማችሁ አንብቡት። ጋ-ግል፣ ጋ-ግል። ምን ይመስላል? የወፍ ጩኸት አይመስልም እንዴ?

ነገሩ እንደዚሁ ነው። በድሮ እንግሊዝኛ ይህ ቃል መንጫጫት ማለት ነበር። ዝይ ስትጮህ የሰማ ሰው ድምፁን አስመስሎ ያወጣው ቃል ነው። ጀርመኖችም እንቁላል የጣለች ዶሮ ስታስካካ «ጋከርን» ይላሉ። አገሩ ቢለያይም የሰው ጆሮ የሰማው ድምፅ ተቀራራቢ ነው። በኋላ ጩኸቱን የሚገልጸው ቃል የጯሂዎቹ መጠሪያ ሆነ። «የሚንጫጩት» ማለት «የዝዮች ስብስብ» ማለት ሆነና ቀረ።

በእኛም ቋንቋ እንዲህ ያለ ቃል ሞልቷል። ውኃ ከገደል ሲወርድ ፏ ይላል፤ ስለዚህ ፏፏቴ አልነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ጫጫታ አልነው። ቃሉን ስትጠሩት ድምፁ አብሮ ይሰማል።

ዝይ በጩኸቷ የታወቀች ወፍ ናት። የማታውቀው ሰው ወደ ግቢ ሲገባ አንዷ ትጮሃለች፤ ወዲያው ሁሉም ይቀበሏታል። ሊቪዮስ የተባለው የሮማ ታሪክ ጸሐፊ ስለዚህ የተረከው አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ390 ዓመት ገደማ ጎል የተባሉ ሕዝቦች ሮማን ከበቡ። አንድ ሌሊት ጨለማን ተገን አድርገው ካፒቶል በተባለው ኮረብታ ላይ ወዳለው ምሽግ ሽቅብ ወጡ። ጠባቂዎቹ ተኝተዋል። ውሾቹም አልሰሙም። ነገር ግን በቤተ ጣዖቱ የሚጠበቁት ዝዮች ሰምተው ተንጫጩ። ማርቆስ ማንልዮስ የተባለው ወታደር በጩኸታቸው ነቃና ወራሪዎቹን ከገደሉ አፋፍ ገፍቶ ጣላቸው። ታዲያ ዝይን በጩኸቷ መጥራት ምን ያስገርማል?

ሲበሩ ደግሞ ስማቸው ይለወጣል

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዝዮቹ ከመሬት ተነሥተው ሰማይ ላይ ሲሰለፉ «ጋግል» መባላቸው ይቀራል። በደንበኛው አነጋገር ያን ጊዜ «ስኬይን» ይባላሉ።

ይህ ለምን ሆነ? ስለ አንበጣ አስቡ። ገና ክንፍ ሳያወጣ በእግሩ እየዘለለ ሲመጣ ኩብኩባ ትሉታላችሁ። ክንፍ አውጥቶ ሲበር አንበጣ ትሉታላችሁ። እርግጥ አንበጣው በዕድሜው አድጓል፤ ዝይዋ ግን ያችው ናት። ቢሆንም ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው። አብሮት የሚኖር ሰው ልዩነቱን ያያል፤ ልዩነቱን ያየ ሰው ስም ያወጣለታል። ከሩቅ የሚያይ ሰው ግን ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራዋል።

ስኬይን ከድሮ ፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ቃል ነው። መጀመሪያ ከወፍ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ትርጉሙ የፈትል ቱባ ማለት ነው። እናቶቻችን ጥጥ ፈትለው ክሩን ይጠቀልሉት የለም? በእንግሊዝ አገርም ሴቶች የበግ ፀጉር እየፈተሉ በቱባ ያኖሩ ነበር። ታዲያ የሚበሩት ዝዮች ሰማይ ላይ ረጅም መስመር ሆነው ሲጓዙ፣ መስመሩም አንዴ ሲጠብቅ አንዴ ሲላላ ሲታይ፣ ከቱባ የተተረተረ ክር ይመስላል። ከፈትል ሥራ የመጣ ቃል ወደ ሰማይ ወጣ ማለት ነው።

ዝዮቹ ብዙ ጊዜ የሚሰለፉት አንዱ ከፊት ሆኖ ሌሎቹ በግራና በቀኝ ወደ ኋላ እየሰፉ ነው። ስለዚህ እንግሊዞች ይህን ስልፍ «ዌጅ» ይሉታል። ዌጅ እናንተ እንጨት የምትፈልጡበት ሽብልቅ ነው። ይህም ከሥራ መሣሪያ የተወሰደ ስም ነው።

እንዲህ የሚሰለፉት ለውበት አይደለም። ወፍ ክንፏን ስትመታ ከክንፏ ሥር ያለው አየር ወደ ታች ይገፋል፤ ከክንፏ ጫፍ ውጭ ያለው አየር ግን ወደ ላይ ይነሣል። ከኋላ ያለችው ወፍ በዚያ በሚነሣው አየር ላይ ስትሆን ድካሙ ይቀልላታል። ከሁሉ የምትደክመው የፊተኛዋ ናት። ስለዚህ እየተፈራረቁ ይመራሉ። ደቦ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቃሉን መጽሐፍ ላይ ያሰፈረው ማነው?

በ1486 ዓ.ም. ከለንደን በስተሰሜን በምትገኘው ሴንት ኦልባንስ ከተማ አንድ መጽሐፍ ታተመ። በአገራችን ያን ጊዜ ዐፄ እስክንድር ነግሠው ነበር። በእንግሊዝ አገር የማተሚያ መሣሪያ ከተተከለ ገና አሥር ዓመቱ ነው። መጽሐፉ በታተመበት ከተማ ስም «የሴንት ኦልባንስ መጽሐፍ» ተብሎ ይጠራል። የሚናገረውም ስለ ጭልፊት አደን፣ ስለ አውሬ አደንና ስለ መኳንንት የጋሻ ምልክት ነው። በልማድ ጁሊያና በርነርስ የተባሉ መነኩሲት እንደ ጻፉት ይነገራል። ያተመው ሰው ግን ስሙ አልቀረም። አስተማሪ እንደ ነበረ ብቻ ተጽፎ ስለ ተገኘ «አስተማሪው አታሚ» ይሉታል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የእንስሳትና የወፎች፣ የሰዎችም ጭምር የጥቅል ስሞች ተዘርዝረዋል። ቁጥራቸው ከ160 ይበልጣል። «የዝዮች ጋግል» ከእነዚህ አንዱ ነው። አንዳንዶቹ ቁም ነገር ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ሽሙጥ ናቸው። አንበሶች ሲሰበሰቡ «የአንበሶች ኩራት» ይላል። ቀበሮዎች ሲሆኑ «የቀበሮዎች ማድፈጥ» ይላል። ዳኞች ሲሰበሰቡ «የዳኞች ፍርድ»፣ መልእክተኞች ሲሰበሰቡ «የመልእክተኞች ትጋት» ይላል። በዚያን ዘመን የኃጢአት ስርየት ወረቀት እየዞሩ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። ለእነሱ የተሰጠው የጥቅል ስም «ውሸት» ነው። አንባቢው ስቆ መሆን አለበት።

ሳቁ ግን በሁሉም ላይ እኩል አልነበረም። በዚያው ዝርዝር ሴቶች ሲሰበሰቡም «ጋግል» ተብለዋል። ሴቶች ሲነጋገሩ እንደ ዝይ ይንጫጫሉ ማለት ነው። እንግዲህ ተመልከቱ። ቃሉ ለዝይ ሲሆን ስም ነው፤ ለሰው ሲሆን ስድብ ነው። በእኛም ዘንድ መንጋ ለከብት ስም ነው። ሰዎችን «መንጋ» ብሎ መጥራት ግን ብዙ ጊዜ ንቀት ነው። በቤተ ክርስቲያን እረኛ ስለሚጠብቀው መንጋ ሲሰበክ ደግሞ ያው ቃል ክብር አለው። ስለዚህ ቃልን ስትሰሙ ማን እንደ ተናገረውና ስለ ማን እንደ ተናገረው ጠይቁ።

ቃል አጥር ሲሆን

ለመሆኑ መኳንንቱ ይህን ሁሉ ስም የሚያጠኑት ለምን ነበር? ለአደን ብቻ አልነበረም። በ1485 ዓ.ም. የታተመው የቶማስ ማሎሪ መጽሐፍ ስለ ንጉሥ አርተርና ስለ ጀግኖቹ የሚተርክ ነው። እዚያ ላይ ምክንያቱ በግልጽ ተነግሯል። የአደን ቃላት የተከበረውን ሰው ከነፃው ገበሬ፣ ነፃውን ገበሬ ከጭሰኛው ለመለየት ያገለግላሉ ይላል። ማለትም ሰውየው አፉን ሲከፍት ማንነቱ ይታወቃል። ትክክለኛውን ቃል ካወቀ ጌታ ነው። ካላወቀ ከበር ይመለሳል።

በጌታው መሬት ላይ ታስሮ የሚኖረው ጭሰኛ ያን ጊዜ «ቪሌን» ይባል ነበር። የእርሻ ሠራተኛ ማለት ነው። ይህ ቃል ዛሬ በእንግሊዝኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? ክፉ ሰው፣ ወንጀለኛ ማለት ነው። ገበሬው ምንም ወንጀል አልሠራም። ሲንቁት የኖሩት ሰዎች በስሙ ላይ ክፋትን ጫኑበት፤ ስሙም ቀስ በቀስ ተበላሸ።

እኛስ? ባላገር የሚለውን ቃል ለያይታችሁ አንብቡት። ባለ - አገር። አገር ያለው፣ የአገር ባለቤት ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምን የክብር ስም አለ? ነገር ግን ከተማ ውስጥ «አንተ ባላገር!» ሲባል የሰማ ሰው ስድብ መሆኑን ያውቃል። ፊደል የቆጠረ ሰው ግን ቃሉን ከፍቶ ውስጡን ያያል። ተሰድቤአለሁ ብሎ አንገቱን አይደፋም። «አዎ፣ ባለ አገር ነኝ» ይላል።

ቃሉ የማን ነው?

አሁን ወደ ዝይዋ እንመለስ። በመጽሐፉ ከተዘረዘሩት ከ160 የሚበልጡ ስሞች ብዙዎቹ ዛሬ በሰው አፍ የሉም። ዳኞች ሲሰበሰቡ «ፍርድ» የሚል እንግሊዛዊ አታገኙም። ለሳቅ የተፈጠረ ቃል ሳቁ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። «ጋግል» ግን አለ። አምስት መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም ይነገራል። ለምን?

ምክንያቱም ጋግልን ባዶ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አልፈጠረውም። የዝይ ጩኸት በየቀኑ ከሚሰማ ጆሮ የወጣ ነው። ጌታው ዝይን የሚያውቃት ጭልፊቱን ሲለቅባት ወይም ገበታው ላይ ተጠብሳ ስትቀርብ ነው። ማለዳ ከበረት የሚያወጣት፣ መስክ ላይ የሚጠብቃት፣ ማታ ቆጥሮ የሚያስገባት ገበሬው፣ ሚስቱና ልጆቹ ነበሩ። ስኬይንም ከፈታይ ሴቶች ቱባ የመጣ ነው። መጽሐፉ ቃላቱን አጥር አደረጋቸው እንጂ ምንጫቸው ሥራ ነው። «እንደ ዝይ ይንጫጫሉ» የተባሉት ሴቶች የፈተሉት ክር ይኸው በሰማይ ላይ ስም ሆኖ ቀረ።

አንድ ሌላም ነገር አለ። በአውሮፓ ከሺህ ዓመት በላይ ሰው የጻፈው በወፍ ላባ፣ ይልቁንም በዝይ ላባ ነበር። ከክንፏ ትልልቁን ላባ ነቅለው፣ በትኩስ አሸዋ አጠንክረው፣ ጫፉን በትንሽ ቢላዋ ቀርጸው፣ ቀለም እየነከሩ ይጽፉበታል። የብረት ብዕር በፋብሪካ በብዛት መሠራት የጀመረው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። «ፔን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ራሱ «ፔና» ከተባለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ፔና ላባ ማለት ነው። የእኛ ጸሐፍት ግን የሚጽፉት በመቃ ወይም በሸምበቆ ነበር። ብዕር የሚለውም ቃል «ብርዕ» ከሚለው የግዕዝ ቃል የመጣ ነው። ብርዕ አገዳ ማለት ነው። የእነሱ ብዕር ከዝይ ክንፍ፣ የእኛ ብዕር ከወንዝ ዳር ነው የመጣው። ሁለቱም የመጡት ከገበሬ አገር ነው።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

አሁን ብዕሩ በእጃችሁ ነው። ስለዚህ አዲስ ቃል ሲያጋጥማችሁ አትፍሩት። አራት ጥያቄ ጠይቁት።

አንደኛ፣ ከጆሮ የመጣ ነው ወይ? እንደ ጋግል፣ እንደ ፏፏቴ።

ሁለተኛ፣ ከእጅ ሥራ የመጣ ነው ወይ? ጥማድ ከመጥመድ፣ ክምር ከመከመር እንደ መጣ።

ሦስተኛ፣ በዐይን ከሚታይ መልክ የመጣ ነው ወይ? የዝዮች መስመር ክር መስሎ፣ ሽብልቅ መስሎ እንደ ታየው።

አራተኛ፣ ማን በማን ላይ ነው የሚናገረው? ለማክበር ነው ወይስ ለመናቅ?

ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ የማታውቁት ቃል ቢነገራችሁ «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ቃሉን የሚያውቀው ሰውም አንድ ቀን ጠይቆ ነው ያወቀው።

ደግሞ የራሳችሁን ቃል ጻፉት። በየአገሩ ለእህል፣ ለከብት፣ ለንብ፣ ለደመና፣ ለአፈር ሌላው አገር የማያውቀው ስም አለ። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ያውቁታል። እነሱ ሲያልፉ ካልተጻፈ አብሯቸው ይቀበራል። ጋግል ለዛሬ የደረሰው ሰው ስለ ተናገረው ነው፤ ዕድሜውን የምናውቀው ግን ስለ ተጻፈ ነው። እናንተም ደብተራችሁን ይዛችሁ ማታ እሳት ዳር ተቀመጡ። «አባባ፣ እማማ፣ ይህ ሲበዛ ምን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ቃል በመልካም ፊደል አስፍሩት።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ጋግልና ስኬይን ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. ጋግል የሚለው ቃል ከምን ተነሥቶ የዝዮች ስም ሆነ?
3. መኳንንቱ የአደን ቃላትን ያጠኑት ለምን ነበር?
4. ባላገር የሚለው ቃል በውስጡ ምን ትርጉም አለው?
5. በአካባቢያችሁ የሚነገሩ አምስት የጥቅል ስሞች ጻፉ። ከጆሮ፣ ከእጅ ወይስ ከዐይን እንደ መጡ ለዩ።

የቃላት ፍች

የጥቅል ስም - ብዙውን በአንድ አስሮ የሚጠራ ስም።
ቱባ - የተጠቀለለ የፈትል ክር።
ሽብልቅ - እንጨት ለመፈለጥ የሚገባ፣ አንድ ጫፉ የሾለ እንጨት ወይም ብረት።
ሽሙጥ - በዘዴ የሚነገር የፌዝ ቃል።
ምዕተ ዓመት - አንድ መቶ ዓመት።